እንባ ጠባቂው ከሆስፒታል ደጅ

«ኦምቡድስማን» በስዊድን ቋንቋ ወኪል ማለት ነው፤ ከዚያ የበለጠ ምሥጢር የለውም። የእኛ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» ብሎ ሲሰይመው ግን ቃሉ አንጀት የሚበላ ሆነ። ስሙን እወደዋለሁ። ይሁንና ሹሙ ስሞታ ሰምቶ ከንፈር የሚመጥ ሽማግሌ እንዳይመስለን እሰጋለሁ። ሥራው መዝገብ ማስከፈትና ባለሥልጣንን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሕክምና ነገር ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከእንግሊዞች ታሪክ መረዳት ይቻላል።

እንግሊዝ የፓርላማ እንባ ጠባቂ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ስዊድን በ1809 ሕገ መንግሥቷ ከደነገገችው ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይታ መሆኑ ነው። ያውም ሆስፒታሎችን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጋ። በዚያው ዓመት በካርዲፍ ከተማ ኢሊ በተባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን እንደሚንገላቱ አንድ ሠራተኛ ለጋዜጣ ገለጠ። በ1969 የወጣው የአጣሪዎች ሪፖርት በደሉን አረጋገጠ፤ ከውስጥ የተሰማው ስሞታም ሰሚ እንዳላገኘ ታወቀ። የጤና አገልግሎት እንባ ጠባቂ በሕግ የተቋቋመው በ1973 ነው።

እሱም ቢሆን እጁ ታስሮ ነበር። ወረፋውን፣ የመዝገብ አያያዙን፣ ለአቤቱታ መልስ መንፈጉን ሊመረምር ይችላል፤ የሐኪሙን የሕክምና ውሳኔ ግን አይነካም። ይህ ክልከላ የተነሣው በ1996 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት! ለእኔ ይህ የሕሙማን ሳይሆን የሐኪሞች ማኅበረሰብ ክብር የተጠበቀበት ዘመን ነው።

ሆኖም በታሰረ እጅም ብዙ ተሠርቷል። በሊድስ ከተማ አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ፣ ራሱን መርዳት የማይችል ሰው ከሆስፒታል ተሸኝቶ ወደ ግል መጦሪያ ገባ። ከወጪው ከፊሉ በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሚስቱ አቤት አለች። እንባ ጠባቂው ሰር ዊልያም ሪድ በ1994 ባወጡት ሪፖርት ሐኪሞቹን አልከሰሱም፤ የከተማው የጤና ባለሥልጣን እንዲህ ላለው ሕመምተኛ በመንግሥት ወጪ የሚጦርበት ቦታ አለማዘጋጀቱን ግን የአገልግሎት ጉድለት ነው አሉ። የማዘዝ ሥልጣን አልነበራቸውም። ባለሥልጣኑ ግን ከፈለ፤ በተከታዩ ዓመትም መንግሥት ለአገሩ ሁሉ መመሪያ አወጣ።

የእኛው ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ አስተዳደራዊ በደልን መመርመር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። በጀቱ አነሰ ብሎ መከራከር የፓርላማ ፋንታ ይሁን። «አልጋ የለም» ተብሎ ከበር ለተመለሰ ሰው ግን በዚያች ቀን ስንት አልጋ እንደተያዘ፣ ማን በማን ትእዛዝ እንደተኛ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል እላለሁ። ለዚህ የሐኪም ምስክርነት አያስፈልግም፤ የካርድ ክፍሉ መዝገብ ይበቃል።