የተሸፈኑት ሦስት ፊደላት፦ የቻይንኛ ንባብ ፈተናና ዝግጅቱ ከታንግ ዘመን እስከ ዛሬ



ስለ ቻይና የፈተና ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ የተጠበቀው ስለ ጥንታዊው የሹመት ፈተና ሰፊ ትረካ እንደ ነበር አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ታሪክ አንዲት ጠባብ ክፍል መርጫለሁ፤ እርሷም የንባብ ፈተና ናት። ምክንያቱን አልደብቅም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች ጥቂት የማትባሉት ኤች ኤስ ኬ ለተሰኘው የቻይንኛ ችሎታ ፈተና እየተዘጋጃችሁ ነው፤ የትምህርት ዕድላችሁም በውጤቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔም በዚሁ ፈተና ወድቄ አውቃለሁ፤ የጣለኝም የንባቡ ክፍል ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በታንግ ሥርወ መንግሥት (618–907) ለሹመት የሚወዳደር ሰው ከሚቀመጥባቸው ፈተናዎች አንዱ ቲዬጂንግ ይባል ነበር። አሠራሩን ዱ ዮው የተባለው ሹምና የታሪክ ጸሐፊ በ801 ባጠናቀቀው ቶንግዲየን በተሰኘው መጽሐፉ መዝግቦታል። ፈታኙ ከጥንታውያን መጻሕፍት አንዱን ይገልጥና ግራና ቀኙን ሸፍኖ አንድ መስመር ብቻ ይተዋል፤ በዚያችም መስመር ላይ ቁራጭ ወረቀት አኑሮ ሦስት ፊደላት ይሰውራል። ተፈታኙ የተሰወሩትን ያሟላል። ዛሬ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» የምንለው ጥያቄ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ተፈታኙ እየበዛ ሲሄድ ፈታኞች ብዙዎችን ለመጣል ሲሉ ብቻቸውን የቆሙና እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ እንግዳ ሐረጎችን ይፈልጉ ጀመር። ተፈታኞችም መላ አላጡም፤ እነዚያኑ አስቸጋሪ ሐረጎች ለቅመው ቤት በሚመታ ግጥም እያሰናዱ በቃላቸው ያጠኑ ጀመር። ዘዴው ቲዬክዎ ይባላል። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚሸጠው የፈተና መለማመጃ ቅድመ አያቱ ይህ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። እንግዳውን ሐረግ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ተራው ጽሑፍና ዋና ሐሳቡ ሲቀርብላቸው ግን ብዙዎቹ ይጨልምባቸው እንደ ነበር ያው መጽሐፍ ይወቅሳል። በመጨረሻም በ1071 የሶንግ ሥርወ መንግሥት ታላቅ ሹም ዋንግ አንሺ ቲዬጂንግን ከዋናው የሹመት ፈተና አስወጣው።

በቃል ማጥናትን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ዳዊት የደገሙ አባቶች ልጅ ነኝ፤ የቃል ጥናት ኃይሉን አውቃለሁ። ነገር ግን የቻይንኛ ንባብ ሌላ ዓይነት ዳገት አለበት። በብራና የተጻፈ ግእዝ ቃልን ከቃል የሚለዩ ሁለት ነጥቦች አሉት፤ ዓረፍተ ነገሩንም አራት ነጥብ ይዘጋዋል። የጥንቱ ቻይናዊ ጽሑፍ ግን በአብዛኛው ሁለቱም አልነበሩትም። ዐረፍት የሚገባበትን ቦታ መለየት፣ ማለትም ጁዶው፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ሊጂ የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ፣ ተማሪ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመረመረው ጽሑፉን በየስፍራው ከፋፍሎ ማንበብ መቻሉን እንደ ሆነ ይናገራል። ዘመናዊው ሥርዓተ ነጥብ ሁ ሺን የመሰሉ ምሁራን ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት በመንግሥት የታወጀው በ1920 ነው፤ ትናንት እንደ ማለት ነው። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ግን እስከ ዛሬም አልመጣም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ፒንግፓንግጪዩፓይማይዋንለ» የሚል ጽሑፍ ቢገጥማችሁ፣ ከ«ጪዩ» በኋላ ብትቆርጡት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳሶቹ በጨረታ ተሸጠው አለቁ ማለት ይሆናል። ከ«ፓይ» በኋላ ብትቆርጡት ደግሞ ራኬቶቹ ተሸጠው አለቁ ማለት ነው። ፊደላቱ ያው ናቸው፤ የተለየው መቁረጫው ብቻ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ኤች ኤስ ኬ በቤጂንግ ቋንቋ ኢንስቲትዩት መዘጋጀት የጀመረው በ1984 ነው። እኔ የተፈተንሁት በ2009 ሥራ ላይ ከዋለው ባለ ስድስት ደረጃ ፈተና አራተኛውን ነበር። ደረጃው የሚጠይቃቸውን 1200 ቃላት በካርድ ጽፌ አንድም ሳይቀር ሸመደድሁ፤ ቲዬክዎ ማለት ይኸው ነው። የንባቡ ክፍል 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ይጠይቅ ነበር። ሠላሳኛው ላይ ስደርስ ሰዓቱ አለቀ። ችግሬ የቃላት እጥረት አልነበረም። የአብነት ትምህርት ቤት የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ሌላው ተፈታኝ ቁም ንባብ ሲያነብ እኔ ገና እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየጠራሁ ግእዝ ንባብ ላይ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ካርዶቹን አስቀምጬ እርሳስ አነሣሁ። በየማታው አንድ አጭር ምንባብ ወስጄ፣ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ፣ ቃል ያልቃል ብዬ በማስብበት ሁሉ ቀጭን መስመር አሰምር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አርማለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስሕተቴ ያሳፍር ነበር። ቀስ በቀስ ግን ያላጠናኋቸው ቃላት ራሳቸው ይናገሩኝ ጀመር፤ «ዲየን» ኤሌክትሪክ መሆኑን የያዘ ሰው ዲየንሁዋ ስልክ፣ ዲየንናው ኮምፒውተር፣ ዲየንዪንግ ፊልም መሆኑን ለመገመት ብዙ አይቸገርም። ባዶ ቦታ ሲገጥመኝም አማራጮቹን በእጄ ሸፍኜ አስቀድሜ እገምታለሁ፤ የታንግ ፈታኝ ወረቀት ከእጄ ጋር የተገናኘው በዚህ ነው። ሦስቱን ሐረጎች በቅደም ተከተል አስቀምጡ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ከትርጉሙ በፊት አያያዦቹን ማየት ለመድሁ፤ በ«ዳንሺ»፣ ማለትም በ«ነገር ግን»፣ የሚጀምር ሐረግ መጀመሪያ ሊሆን አይችልምና።

በሁለተኛው ሙከራ አርባኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ተርፈውኝ ነበር፤ ያመለጡኝ ጥያቄዎች ቢኖሩም አለፍሁ። በእርሳስ የተሰመረባቸውን እነዚያን ገጾች ይዤ መጥቻለሁ፤ ስሕተቶቹም አልተፋቁም። ማየት ለምትሹ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።