የስንፍና መድኃኒት

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ቦታዋ የኋላ ወንበር፣ ሥራዋ እንቅልፍ። ፎቅ ስትወጣ መሐል ደረጃ ላይ ቆማ ታለከልካለች። ከሰሌዳው ሥር የወደቀ ጠመኔ እያነሳች ስትቆረጥም ጓደኞቿ ይስቁባታል። አንድ ቀን እኔም ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «እመቤቲቱ፣ እንቅልፍሽን ስትጨርሺ ብትነግሪን እንጀምራለን» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ልናገርና፣ በቀልዴ ኮርቼ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ለካ የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ኖሮባታል። ጠመኔ፣ አፈር፣ በረዶ ማማር የዚሁ በሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያኔ ማን ይንገረኝ? ውጭ አገር ሄዳ ከወለደች በኋላ ሐኪሞች ነገሩን ደርሰውበት፣ ብረቱን እንደ ጉሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ የዚህን ሕክምና ታሪክ ባገኘሁበት ሁሉ አነባለሁ። የፀፀት ንባብ በሉት። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በ1554 ዮሐንስ ላንጌ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ አንዲት ወጣት የጻፈው ደብዳቤ ታተመ። ልጅቱ ፊቷ ገርጥቷል፤ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ሥጋ አስጠልቷታል። ላንጌ በሽታውን «የደናግል በሽታ» አለው። መድኃኒቱስ? ትዳር ነዋ! ታግባ፣ ታርግዝ፣ ትድናለች አለ። እርግዝና ራሱ ከእናቲቱ አንድ ግራም ገደማ ብረት እንደሚጠይቅ ዛሬ ለሚያውቅ ሰው ምክሩ ያስደነግጣል። በሽታው ኋላ «አረንጓዴው በሽታ» የሚል ስም ወጣለት፤ እንግሊዞችም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር።

ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት «ሮሚዮና ዡልየት» ውስጥ፣ ዡልየት አባቷ የመረጠላትን ሰው አላገባም ስትል አባትየው የስድብ መዓት ያወርድባታል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከስድቦቹ አንዱ የዚሁ በሽታ ስም ነው። ይህን ድራማ ስንት ዓመት አስተማርኩ! ያቺን ስድብ ግን እንደ ማንኛውም ስድብ ቆጥሬ አልፌያታለሁ። ተመልከቱ እንግዲህ፤ መድኃኒቱ ጋብቻ ነው የተባለለትን በሽታ፣ አላገባም ላለች ልጅ መስደቢያ ሲያደርጉት።

የስፔኑ ሎፔ ዴ ቬጋ ደግሞ ነገሩን ወደ ሳቅ ለወጠው። በ1608 ገደማ በጻፈው «የማድሪድ ብረት» በተባለ ኮሜዲ ቤሊሳ የምትባል ወጣት ታመምኩ ትላለች። ሐኪም መስሎ የመጣው የወዳጇ አሽከር፣ ብረት የተነከረበት ውሃ ጠጥታ በእግሯ እንድትንሸራሸር ያዝላታል። እሷም በመድኃኒት ሰበብ ከፍቅረኛዋ ትገናኛለች። ተመልካቹ የሳቀው ብረት ለገረጣች ልጅ እንደሚታዘዝ ስለሚያውቅ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደናም ብረት በወይን ዘፍዝፎ ያጠጣ ነበር። በ1832 ደግሞ ፈረንሳዊው ፒየር ብሎ የብረት ክኒኑን አስተዋወቀ።

ሰው ይድናል፤ ለምን እንደሚድን ግን ምሁራኑ አልተስማሙም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጉስታቭ ፎን ቡንገ የተባለ ስመ ጥር ኬሚስት፣ የክኒን ብረት ወደ ደም አይገባም፣ ሥራው አንጀት ውስጥ ያለውን ድኝ ይዞ የምግቡን ብረት ማስጣል ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1893 የኤድንብራው ራልፍ ስቶክማን ክርክሩን በመርፌ ዘጋው። ብረቱን ከቆዳ ሥር ወጋ። ጨጓራም አንጀትም አልነካም። የገረጡት ልጆች ደም ከፍ አለ። ይህ ብቻ አልበቃውም፤ ድኝ መያዝ የሚችለውን ቢስሙትን ሰጥቶ ሞከረ፣ ቢስሙቱ ዋጋ አልነበረውም። ስለዚህ ብረትን በመርፌ መስጠት መጀመሪያ ላይ ለክርክር መልስ ነበር ማለት ይቻላል። ብዙ ሕመምተኛ የሚደርስበት ሕክምና ለመሆን ግን ገና ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ቀረው።

ምክንያቱም ብረት ራቁቱን ደም ውስጥ ሲገባ መርዝ ነው። በአዋቂ ሰው ገላ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ከ3 እስከ 4 ግራም፣ አንዲት ምስማር ቢወጣው ነው። በ1932 ቦስተን ውስጥ ሒዝ፣ ስትራውስና ካስል በመርፌ የገባው ብረት ተመጣጣኝ ሂሞግሎቢን እንደሚሆን አሳዩ። በ1937 ማካንስና ዊዶውሰን ገላ ትርፍ ብረትን ማስወጫ በር እንደሌለው አስረዱ። የገባው ገባ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ መመለስ የለም! መፍትሔው ብረቱን በስኳር መጠቅለል ሆነ። በ1947 በስኳር የተያዘ ብረት በደም ሥር ተሰጠ፤ በ1954 ኢምፈሮን የተባለው፣ በዴክስትራን የተጠቀለለው መጣ። ይኸኛው አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ እያስነሳ ሰው ገደለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ከገበያ ወጣ። ፍርሃቱ ግን አብሮት አልወጣም። ብዙ ሐኪም ሌላውንም የብረት መርፌ በጥርጣሬ ማየቱን ቀጠለ።

ከዚያ የመጡት ረጋ ያሉ ናቸው። በ2007 አውሮፓ የፈቀደችው ፌሪክ ካርቦክሲማልቶስ እስከ 1000 ሚሊግራም በ15 ደቂቃ ይገባል። አንጀት ከምግብ በቀን የሚቀበለው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም መሆኑን አስቡት። አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ማንኛውም የደም ሥር ብረት አለርጂን ማከም የሚችል ባለሙያ ባለበት ብቻ ይሰጥ ብሏል። ክኒን ለሚበቃው ሰውም ክኒኑ ይበቃዋል።

እኛ አገር «ቀይ ሥር ብዪ» እንላለን፤ ቀይ ነገር ሁሉ ደም ይመስለናል መሰለኝ። ጤፍማ አለን እንላለን ደግሞ። በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት የተወሰነው በአውድማ በከብት ኮቴ የተቀላቀለ አፈር እንደሆነ ተመራማሪዎች ከነገሩን ቆይተዋል። ሳህን ላይ ያለ ብረት ሁሉ ደም አይሆንም። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት ከአራቱ አንዷ ገደማ ደም ማነስ ነበረባት፤ የሁሉም ምክንያት ብረት ባይሆንም።

ተማሪዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ መምህር፣ እኔም ራሴን ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው» አለችኝ። ከሕክምናው በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን ልጇን አቅፋ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ እንዳላረፈች ትዝ አላት። ልጁን አስገብታ ተመልሳ ወረደች፤ እንደገና ልትወጣው።