በአንድ ገመድ ብዙ ዲስክ፤ የኮሞዶር 64 ታሪክ

ዛሬ ተማሪ በኪሱ በሚይዛት ትንሽ ፍላሽ ብዙ መጻሕፍት ያስቀምጣል። ከአርባ ዓመት በፊት ግን፥ ኮምፒዩተር በአሜሪካና በአውሮፓ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ሲጀምር፥ የሠሩትን ማስቀመጥ ራሱ ብዙ ድካም ነበረው። ይህ ድካም እንዴት እንደ ቀለለ ለመረዳት የኮሞዶር 64ን ታሪክ እንመልከት።

ይህ ኮምፒዩተር የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. ሲሆን፥ የማስታወሻው ልክ 64 ኪሎባይት ነበረ። መብራቱ ሲጠፋ ማስታወሻው ባዶ ስለሚሆን፥ ሥራን በካሴት ወይም በዲስክ ማኖር ግድ ነበረ። 1541 የተባለው የዲስክ ማንበቢያ በአንድ የዲስክ ገጽ 170 ኪሎባይት ያህል ይጽፋል። ዲስኩ ከማስታወሻው ስለሚበልጥ፥ አንድ ማንበቢያ ብቻ ያለው ሰው ሙሉ ዲስክ ሲገለብጥ ዋናውንና ግልባጩን እያፈራረቀ ማስገባት ነበረበት። ሁለተኛ ማንበቢያ ያለው ግን ከዚህ ድካም ያርፋል።

በ1977 ዓ.ም. የወጣው የኩባንያው ፔት ኮምፒዩተር ስምንት ቢት በአንድነት የሚያሳልፍ ገመድ ነበረው፤ ገመዱ ግን ውድ ነበረ። ስለዚህ ለቪክ 20 ቢቶችን አንድ በአንድ የሚያስተላልፍ ርካሽ ገመድ ተመረጠ፤ ኮሞዶር 64ም ይህንኑ ወረሰ። በ1541 ጀርባ ሁለት መሰኪያዎች አሉ፤ በአንደኛው ከኮምፒዩተሩ የመጣው ገመድ ይገባል፥ ከሁለተኛው ሌላ ገመድ ወደሚቀጥለው ማንበቢያ ይሄዳል።

ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ሳሉ የተጠራው በምን ይታወቃል? በቁጥሩ ነው። አታሚው 4 ወይም 5፥ የዲስክ ማንበቢያዎች ከ8 እስከ 11 ይባላሉ። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ጸጥ አሰኝቶ ቁጥር ይጠራል፤ የተጠራው ብቻ ይሰማል ወይም ይናገራል። ነገር ግን 1541 ከፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 8 ነው። ሁለቱ በአንድ ቁጥር ቢጠሩ ሁለቱም ስለሚመልሱ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ባለቤቱ ሣጥኑን ፈትቶ በውስጡ ካሉት ሁለት ትናንሽ መገናኛዎች አንዱን ሲቈርጥ ቁጥሩ 9 ወይም 10፥ ሁለቱንም ሲቈርጥ 11 ይሆናል። በኋላ ለወጣው ዓይነት ከጀርባው ትናንሽ ማብሪያዎች ስለ ተደረጉለት መቍረጡ ቀረ።

የገንዘቡ ቍጠባ ግን በጊዜ ተከፈለ። በሴኮንድ የሚያልፈው 400 ባይት ያህል ብቻ ስለ ነበረ፥ 40 ኪሎባይት ያለው ፕሮግራም ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ያስጠብቃል። ማንበቢያ መጨመርም አያፈጥነውም፤ መስመሩ አንድ ነውና። ደግነቱ እያንዳንዱ 1541 በውስጡ የራሱ 6502 ፕሮሰሰር አለው። ይህን የተረዱ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ወደ ማንበቢያው አዲስ ትእዛዝ እየላኩ በዚያው ገመድ ፍጥነቱን ብዙ እጥፍ አሳደጉት።

እንግዲህ ርካሹ ገመድ መሣሪያውን ወደ ብዙ ቤት አስገባው፤ የመሣሪያውን አሠራር ጠንቅቆ ማወቅ ደግሞ ጕድለቱን አቃለለ። እኛም በእጃችን ያለውን ዕቃ ከመናቃችን በፊት ውስጡን መርምረን ማወቅ ይገባናል።