እንግዳ የሚበላበት ገበታ

በዋሽንግተን ብርዱ አላስወጣ ባለበት የጥር ወር፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አራት ቀን ለማረፍ ወደ ባሃማስ ሄድን። አገሩ ያለው አትላንቲክ ላይ ቢሆንም ከካሪቢያን አገሮች ጋር ይቆጠራል። ስለ ባሕሩና ስለ አሸዋው የሄደ ሁሉ ያወራልና እኔ አልደግመውም። ልጽፍ የተነሣሁት በሆቴላችን ካዚኖ ውስጥ ስለ ነበረ አንድ ጠረጴዛ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቆረጠ ጠረጴዛ። እዚያ ላይ በሁለት ሌሊት 1,400 ዶላር ተበላሁ። ገንዘቡ የዕቁብ ነበር። በዚያው ወር ዕጣው ወጥቶልኝ፣ ደሴ ላለው የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ማስቀየሪያ ልልከው ያስቀመጥኩት ነው።

ማንም አስገድዶ አላስቀመጠኝም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ከተመለስኩ በኋላ ግን “ያንን ጠረጴዛ እዚያ ማን አመጣው? ለማንስ ብሎ?” የሚል ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ብላክጃክ ይባላል፤ አሮጌ ስሙ “ሃያ አንድ” ነው። እስፓኛዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1613 ባሳተመው አንድ ታሪክ ውስጥ፣ በዚሁ በሃያ አንድ ሰው እያጭበረበረ የሚኖር ልጅ እናገኛለን። ደንቡ ለማንም ይገባል። ተጫዋቹም አዳዩም ሁለት ሁለት ካርታ ይዘው ይጀምራሉ፤ ከሃያ አንድ ሳያልፍ ወደ ሃያ አንድ ይበልጥ የቀረበ ይበላል። አዳዩ ምርጫ የለውም፤ 16 እና ከዚያ በታች ከያዘ ይጨምራል፣ 17 ሲሞላ ይቆማል። ታዲያ ቤቱ በምን ይበልጣል? በተራ ነው። ቀድሞ የሚጨምረው ተጫዋቹ ነው፤ ከሃያ አንድ ካለፈ ያስያዘው ወዲያው ይወሰድበታል። ከእሱ በኋላ አዳዩም ቢያልፍ የተወሰደው አይመለስም። የቤቱ ትርፍ በዋናነት የሚመጣው ከዚህች ቅደም ተከተል ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ በአበርዲን የጦር ሠፈር ያገለግሉ የነበሩ አራት የሒሳብ ሰዎች፣ ባልድዊን፣ ካንቲ፣ ማይዝልና ማክደርሞት፣ በተራ የሒሳብ መኪና ደምረው ቀንሰው የተሻለውን አጨዋወት በ1956 አሳተሙ። በእነሱ ስልት የተጫወተ ሰው፣ ቤቱ የሚበልጠው ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላ ነው። በ1962 ደግሞ ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ የሒሳብ መምህር፣ የወጡትን ካርታዎች በልቡ የሚቆጥር ሰው ቤቱን ሊያሸንፍ እንደሚችል በመጽሐፍ አስረዳ። ካዚኖዎቹ ብዙ ጥቅል ካርታ ቀላቅለው ማደልን፣ ቆጣሪ የመሰላቸውንም ማስወጣትን ለመዱ። ዛሬ ደግሞ በብዙ ጠረጴዛ ላይ፣ 10 ዶላር አስይዞ በሁለት ካርታ ሃያ አንድ ለሞላለት ሰው ቀድሞ 15 ይከፈል የነበረው 12 ሆኗል። ይኸው ጨርቁ ላይ ታትሟል። እኔ ያነበብኩት ከተበላሁ በኋላ ነው።

ሒሳቡ ይህ ነው። ጠረጴዛው ወደ ደሴቶቹ የመጣበት መንገድ ግን ሌላ ነው፤ በሃቫና በኩል ያልፋል። የኩባው ገዢ ባቲስታ በ1955 ባወጣው ሕግ፣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ሆቴል ለሚሠራ ሰው የቁማር ፈቃድ ከግብር ነጻነት ጋር ይሰጠው ጀመር። ከተጠቀሙት ዋነኛው የአሜሪካ ወንበዴዎች የሒሳብ አዋቂ ሜየር ላንስኪ ነው። በ1957 መጨረሻ ሪቪዬራ የተባለውን ሆቴል ሲከፍት ከወጪው ከፊሉን የሸፈነው የኩባ መንግሥት የልማት ባንክ ነበር። በወረቀት ላይ የላንስኪ ሥራ የወጥ ቤት ኃላፊ ነበር። በዚያ ወጥ ቤት ማን ይበስል እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።

በ1959 የአዲስ ዓመት ሌሊት ባቲስታ ሲሸሽ ሕዝቡ ካዚኖዎቹን ሰባበረ። በካሚዮን የመጡ አሳማዎች በሪቪዬራ አዳራሽ ተለቀቁ ይባላል። የካስትሮ መንግሥት ካዚኖዎቹን ዘጋ፤ ሠራተኞቹ “እንጀራችን ተቆረጠ” ብለው ሲጮኹ ለጊዜው መልሶ ከፈተ፤ በ1960 ሆቴሎቹን ወረሰ።

ቁማሩ ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሃማስ ተሻገረ። ደሴቶቹ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ነበሩ፤ ምክር ቤቱን የያዙት “የቤይ ስትሪት ልጆች” የሚባሉ የናሶ ነጭ ነጋዴዎች ናቸው። ቁማር በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ከእነሱ አንዱ፣ ጠበቃው ስታፎርድ ሳንድስ፣ ልዩ ፈቃድ አስወጣለትና በ1964 በፍሪፖርት ካዚኖ ተከፈተ። ዎል ስትሪት ጆርናል በ1966 የላንስኪን ሰዎች እጅና ለፖለቲከኞቹ የተከፈለውን ገንዘብ አጋለጠ። በጥር 1967 በተደረገው ምርጫ ሁለቱ ፓርቲዎች 18 ለ18 እኩል ወጡ፤ ሁለት ተመራጮች ወደ ሊንደን ፒንድሊንግ ስላዘነበሉ ብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥቱን ያዘ። በ1973 አገሪቱ ነጻ ወጣች።

ፒንድሊንግ ካዚኖውን እንደ ካስትሮ አልዘጋውም። ግብሩን እየሰበሰበ አቆየው። በ1969 የወጣው ሕግ ግን የአገሩን ዜጋ ከመጫወት ከለከለ፤ በ2014 የወጣውም አዲስ ሕግ ክልከላውን አላነሣም። ባሃማዊ ካርታ ያድላል፣ መጠጥ ያቀርባል፣ በር ይጠብቃል፤ ተጫዋች ሆኖ ግን አይቀመጥም።

ይህን የሰማሁት ከራሷ ከአዳይዋ ነው። በሁለተኛው ሌሊት 16 ይዤ ስወዛወዝ “አንቺ ብትሆኚ ትጨምሪ ነበር?” አልኳት። “ጌታዬ፣ እኔ እርስዎ በተቀመጡበት ወንበር እንድቀመጥ አልተፈቀደልኝም” አለችኝ። ጨመርኩ፤ አለፈ። እሷም ቺፖቼን በትሕትና ሰብስባ ወሰደች። ከደሴ ተነሥቶ በሰው አገር ፓስፖርት የመጣ ሰው ተቀምጧል፤ የባሕሩ ባለቤት ቆማ ታድለዋለች።

በማግሥቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሱን አዛውንት ባለታክሲ በዚህ ነገር ልባቸው ሁለት ነበር። “ልጄ፣ መንግሥቴ እንደ ሕፃን ቆጥሮኛል” አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ “ባለቤቴ ግን ሕጉን ትመርቀዋለች” አሉና ሳቁ።

ሕጉ ጥበቃ ነው ወይስ ንቀት? ጥበቃ ነው እንዳልል፣ ባሃማዊ ከቁማር አልዳነም። በጥር 2013 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ መራጩ የሰፈር ቁማር ቤቶች ሕጋዊ እንዳይሆኑ ድምፅ ቢሰጥም መንግሥት በ2014 ሕጋዊ አደረጋቸው። ስለዚህ በእኔ ግምት ሕጉ ስለ ቁማር ክፋት የሚያወራው ነገር የለውም፤ የሚወስነው በየትኛው ጠረጴዛ ማን እንደሚበላ ነው። ያ አረንጓዴ ጠረጴዛ ከሃቫና ጀምሮ የተዘረጋው ተበልቶ በማግሥቱ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከላይ የሰጠሁትን ርእስ አንባቢ አላልቶም አጥብቆም ያንብበው፤ በእኛ ቤት የሚላላው እዚያ ይጠብቃል።

ዕቁብም ዕጣ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል። ይህን እያወቅሁ ነው ከአንዱ ዕጣ ያገኘሁትን ለሌላው ያስረከብኩት። እናቴ “ገንዘቡ ለምን ዘገየ?” ብላ አልጠየቀችኝም። ያንን ክረምት ከሚያፈስሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ እየደቀነች አሳለፈች። ቆርቆሮው የተቀየረው በዓመቱ፣ በሌላ ዕቁብ ነው።