ጉሬዛን ማን ለበሰው፣ ማን በላው?

«ማይ ሲንጊንግ ሞንስተርስ» የተባለውን የስልክ ጌም የተጫወታችሁ ማሞትን ታውቁታላችሁ። ጌሙን የሠራው ቢግ ብሉ በብል የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2012። ጭራቆችን እየሰበሰባችሁ ደሴት ላይ ታሰፍራላችሁ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ያወጣል፤ ድምፆቹ ሲገጣጠሙ ዘፈን ይሆናሉ። ማሞት የብርድ ወገን ነው። ሰውነቱ በሙሉ ፀጉር ነው፣ ድምፁም ወፍራም። ሌሎቹ ከላይ ሲያዜሙ እሱ ከሥር ሆኖ ቤዙን ይይዛል።

እኔ የካፋ ልጅ ነኝ። ፀጉራም፣ ደጋ የለመደ፣ በወፍራም ድምፅ የሚያዜም ፍጡር ሲባል ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ጉሬዛ ነው። ልዩነቱ ግን ጌሙ ውስጥ ፍጡሩን ስትሰበስቡ ማንም አይጎዳም፤ ከእናንተ በፊት ከእሱ ጋር የኖረ ሰውም የለም። ጉሬዛን የሰበሰቡት ሰዎች ታሪክ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዱ ለጋሻው፣ ሌላው ለሙዚየሙ፣ ሌላው ለካፖርቱ ወሰደው። አንዱ ደግሞ ለራቱ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ርኩስ» የተባለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የንጋቱ ድምፅ

ቦንጋ ዙሪያ ጫካ አጠገብ ያደረ ሰው ይህን ድምፅ ሰምቶታል። ገና ጎህ ሳይቀድ አንድ ወንድ ጉሬዛ ይጀምራል። ዜማ አይመስልም፤ ኪክ ሲመቱት አልነሳ ብሎ የሚያጓራ ሞተር ሳይክል ይመስላል እንጂ። ከማዶ ያለው መንጋ ወንድ ይቀበለዋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያ የሚቀጥለው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሸለቆው በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ ድምፅ የሚያወጣው ወንድ ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ገደማ መሆኑን ስትሰሙ ማመን ይከብዳል።

ስለዚህ ድምፅ ብዙ የተጠናው ጎረቤታችን ኡጋንዳ ውስጥ ነው። ፒተር ማርለር በ1960ዎቹ የጉሬዛ ጩኸት ግዛትን የማስከበሪያ መንገድ መሆኑን ጻፈ፤ መንጋዎቹ ሳይጣሉ «እዚህ ነን፣ ራቁ» የሚባባሉበት ማለት ነው። በኋላ አን ሼልና ክላውስ ዙበርቡለር በቡዶንጎ ጫካ ያደረጉት ጥናት ነገሩን አራቀቀው። ጉሬዛ ነብር ሲያይና ንስር ሲያይ አንድ ዓይነት አይጮህም። ለነብር መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ቀጥሎ ጩኸቱን ቁርጥርጥ አድርጎ ያሰማል። ለንስር ደግሞ ማኮረፉ ቀርቶ ጩኸቱ ይረዝማል። ጥቂት ድምፆችን እየደረደሩ የተለያየ ነገር መናገር ይሏችኋል ይህ ነው።

እንደ ማሞት ግን ብርድ አያዘፍነውም። በጣም ቀዝቅዞ ሲዘንብ ካደረ በኋላ የንጋቱ ዝማሬ ይቀንሳል። ጉሬዛ የሚኖረው በአብዛኛው በቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚብላላ፣ ጉልበቱ ትንሽ የሆነ ምግብ ነው። ስለዚህ ማዜም ወጪ አለው። ብርዱ ጉልበቱን የጨረሰበት ወንድ ዝም ብሎ ፀሐይ ይጠብቃል፤ ስትወጣም ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይሞቃል። ሌሊቱን በደህና አድሮ የጮኸ ግን ለጎረቤቱ ጉልበት እንዳለው እየነገረው ነው።

መልኩን ለማታውቁት፦ ሰውነቱ ጥቁር ነው፣ ፊቱን ነጭ ፀጉር ይከበዋል። ከትከሻው ጀምሮ በጎንና ጎኑ ረጅም ነጭ ፀጉር እንደ ካባ ይወርድለታል፤ ጭራውም መጨረሻው ላይ ነጭና ጎፈሬ ነው። ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነው የሚወለደው። ለመከራው ያበቃው ይኸው ካባው ነው።

ስሙ ወደ ውጭ ሲሄድ

ጉሬዛ የሚለው ቃል የእኛ ነው፤ ዛሬ ግን የዓለም ሳይንስ ቃል ሆኗል። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ብዙ ተምሮ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ይህን እንስሳ ጠቅሶታል። አንባቢዎቹ ግን እንስሳውን አይተውት አያውቁም ነበርና ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ተረት ነገር ሆኖ ቆየ። ከዚያ ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ አየ፤ በ1835ም እንስሳውን «ኮሎበስ ጉሬዛ» ብሎ ለሳይንስ መዘገበው። ኮሎበስ ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን «የተቆረጠ» እንደማለት ነው፤ አውራ ጣቱ አለ ለማለት ስለሚያስቸግር ነው። ሁለተኛው ስም እንዳለ ከእኛ አፍ ተወሰደ።

እኔን የሚገርመኝ ነገር አለ። ከስሙ ቀጥሎ የሩፐል ስም ይጻፋል፤ የሳይንስ ደንብ ስለሆነ ቅር አይለኝም። ነገር ግን ለሩፐል «ይሄ ጉሬዛ ይባላል» ያለው ሰው አለ። ዛፉን ያሳየው፣ አድኖ ያመጣለትም ሰው ይኖራል። አዳኝ ሳይኖር ናሙና አይኖርም። ሙዚየም ውስጥ ግን አዳኙ አልተመዘገበም።

ካባው

ሰሜኑ ውስጥ የጉሬዛ ፀጉር የጋሻ ጌጥ ነበር። ያ ከጎኑ የሚወርደው ነጭ ፀጉር ጋሻ ላይ ተለብጦ ባለቤቱን ያስከብረዋል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥም የተዋጊና የሽማግሌ ልብስ ሆኖ አገልግሏል። እስካሁን ያለው የአገር ቤት ፍጆታ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግን የአውሮፓ ፋሽን መጣ። የጦጣ ፀጉር ካባ፣ የእጅ ማሞቂያ፣ የልብስ ዘርፍ ሆነ። በአፍሪካ ያሉ የኮሎበስ ዘመዶች ሁሉ በዚህ ገበያ ተመቱ። ፋሽኑ ቀዝቅዞ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ፓሪስ ላይ እንደገና ነፍስ ዘራ፤ ዲዛይነሯ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ በ1938 የጦጣ ፀጉር የሚንጠለጠልበት ጫማ ሠርታለች። ከዚያ የቱሪስት ዘመን ሲመጣ ብዙ የጉሬዛ ቆዳ ተሰፍቶ ምንጣፍ ሆነና ለመታሰቢያ ይሸጥ ጀመር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ስለዚህ ንግድ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ ጉሬዛ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1989 ተቀብላለች።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለ ጋሻው ጀግና ተባለ። የፓሪሷ ሴት ዘናጭ ተባለች። ምንጣፉን ገዝቶ የሄደው ቱሪስት እንግዳ ተብሎ ተሸኘ። ማንም «እጅህ ርኩስ ነው፣ ቤቴ አትግባ» አላለውም።

የበሩ ጠባቂዎች

አሁን ወደ ካፋ እንመለስ። ካፋ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር፤ ንጉሡ ታቶ ይባላል። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርኮ መንግሥቱ አበቃ፤ እሱም በ1919 በግዞት እንዳለ ሞተ። መንግሥቱ ዙሪያውን በቦይና በአጥር የታጠረ፣ መግቢያ በሮች ያሉት ነበር። በእነዚህ በሮች ላይ ይቆሙ ከነበሩት መካከል ማንጆዎች ይገኙበታል።

ማንጆዎች ቋንቋቸው እንደማንኛውም ካፋ ካፊኖኖ ነው፤ በታሪክ የሚታወቁት በአዳኝነት ነው። ጫካውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ጉሬዛ ያድናሉ፣ ይበሉ ነበር፤ የዱር አሳማና ጃርትም እንዲሁ። በዚህም «ርኩስ» ተባሉ። ከእነሱ ጋር መጋባት አይቻልም። አብሮ መብላት የለም፤ ምግብ ቢሰጣቸው እንኳ በሰው ሳህን ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ነው። ወደ ቤት አይገቡም፤ ደጅ ይቆማሉ። የመንግሥቱን በር ለጠበቀ ሰው የጎረቤቱ በር ተዘጋበት ማለት ነው።

ይህን የምለው ከሰፈር ወሬ ተነስቼ አይደለም። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2003 ባሳተሙት በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የዕደ ጥበብና የአደን ማኅበረሰቦች በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ገዛኸኝ ጴጥሮስ የካፋን ክፍል ጽፏል። ጃፓናዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሳዩሪ ዮሺዳ ደግሞ ማንጆዎች ለመንግሥት ስላቀረቧቸው አቤቱታዎች አጥንታለች። አቤቱታ ጽፎ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው ሁኔታውን እንደ ተፈጥሮ አልተቀበለውም። በ2002 ምሬቱ ገንፍሎ በዞኑ ውስጥ ማንጆዎች በካፋ ጎረቤቶቻቸው ላይ ጥቃት አድርሰዋል፤ ሕይወትም ጠፍቷል። ያንን ማንም ሊያወድሰው አይገባም፤ ከምን እንደተነሳ ግን መርሳት አይቻልም።

ምክንያቱ ሲጠፋ

«ነገሩ የምግብ ሥርዓት ነው፣ የሃይማኖት ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩን አልንቀውም። በአገራችን ሰኮናው ያልተሰነጠቀና የማያመሰኳ እንስሳ አይበላም፤ ጉሬዛን መብላት ለብዙ ሰው የሚቀፍ ነገር ነው። ለእኔም አይዋጥልኝም። ነገር ግን ጉዳዩ የምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ነገሮች መከተል ነበረባቸው።

አንደኛ፣ ቆዳውን የሚነካ ሁሉ መርከስ ነበረበት። ቆዳ ከሥጋ ላይ ተገፎ ነው የሚመጣው፤ በራሱ ተነስቶ ጋሻ ላይ አይወጣም። ጋሻው ላይ ሲሆን ክብር፣ ድስት ውስጥ ሲሆን ውርደት ከሆነ፣ የሚመዘነው እንስሳው ሳይሆን የያዘው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ መብላቱን ያቆመ ሰው መንጻት ነበረበት። ብዙ ማንጆዎች እኮ አቁመዋል። ዛሬ ያርሳሉ፣ እንጨትና ከሰል ይሸጣሉ፣ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። የራሳቸው መሪዎችም የተነቀፉትን ምግቦች ተዉ ብለው ቀስቅሰዋል። ጥናቶቹ የሚሉት ግን መገለሉ ምግቡ ከቀረ በኋላም መቀጠሉን ነው። ጉሬዛ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ አያቱ በበላው ከገበታ ይነሳል። እንግዲህ ጉሬዛው ሰበብ ነበር ማለት ነው። ሰበቡ ሲነሳ ከሥሩ የተገኘው መሬትና ሥልጣን የያዘ ሰው መሬት በሌለው ሰው ላይ ያበጀው ደረጃ ነው።

ይህ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የካፋ ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ቦንጋም ከ2021 ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። እንግዳ ሲመጣ የቡናን መገኛ እናሳያለን፣ የታቶዎችን ታሪክ እንተርካለን፣ ጫካ ይዘን ሄደን ጉሬዛ እናሳያለን። ሁሉም ደስ ይላል። ነገር ግን ጫካው ክብር ባገኘ ቁጥር ጫካ ውስጥ የኖረው ሰው አዲስ ስም እንዳይወጣለት እሰጋለሁ። ትናንት «ጉሬዛ በላ» የተባለው ነገ «ጉሬዛ ጨረሰ»፣ «ከሰል አክስሎ ጫካውን አጠፋ» ሊባል ይችላል። የጋሻውን፣ የፓሪስን ገበያና የቱሪስቱን ምንጣፍ የማያነሳ ታሪክ ለዚህ ክስ የተመቸ ነው።

ስለዚህ ጉሬዛን ለሚያስጎበኝም ስለ ጉሬዛ ለሚጽፍም ወጣት የምለው ይህ ነው። የጉሬዛን ድምፅ በስልካችሁ ስትቀርጹ ሩፐልን ጥቀሱ፣ ማርለርንም ጥቀሱ። ቀጥሎ ደግሞ ነብር ሲመጣ ጩኸቱ እንደሚለወጥ ማን ቀድሞ ያውቅ እንደነበር ጠይቁ። ኑሮው በዚያ ድምፅ ላይ የተመሠረተ አዳኝ ይህን ለማወቅ መቅረጸ ድምፅ አያስፈልገውም። ዕውቀቱ ያላቸው ሽማግሌዎች ዛሬም ካፋ ውስጥ አሉ። ሄዳችሁ ስትጠይቋቸው ደጅ አቁማችሁ አይሁን፤ አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ ቡናውንም ከአንድ ረከቦት ጠጡ።