ከቆራሌው ጆንያ እስከ ሃርድ ዲስክ

ላፕቶፑ አልነሳ ያለው ሰው ሱቄ ሲደርስ ስለ ላፕቶፑ ብዙም አይጨነቅም። «ማሽኑ ይቅር፣ ውስጡ ያለው ይውጣልኝ» ነው የሚለው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የዱቤ ሒሳብ፣ የሞተ ወንድም ድምፅ። ከመርካቶ ውጭ ያለ ሰው ይህን ሥራ ኮምፒውተር ይዞት የመጣ ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። ሙያው ከኮምፒውተሩ በፊት እዚሁ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ነው ዘግይቶ የደረሰበት።

ገበያው ቀድሞ አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ከተማዋን ለነጭና ለሐበሻ ሲከፋፍል፣ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ አዲስ ከተማ በምንለው ሰፈር አሰፈረው። አራዳን ለራሱ ሊያስቀር ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ እሱ ሄደ፣ ገበያው ግን በተገፋበት ቀረና ተራ በተራ ተደለደለ፦ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ። ስለ ሙያዬ ከተነሳ ግን ከሁሉም የምናለሽ ተራ ይቀድማል።

በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ጆንያውን የሚያራግፈው እዚያ ነው። የዘይት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፤ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይወጣዋል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ሌላ አሥር ዓመት መንገድ ይሄዳል። የምናለሽ ተራ ሰው አንድ ዕቃ ሲቀርብለት «ይሠራል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። «ምኑ ይሠራል?» ነው የሚለው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች ሲመጡልኝ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የማስተምራቸው ይህን ጥያቄ ነው።

እኔ ሙያውን የያዝኩት ሬዲዮና ቴፕ ከሚጠግኑ ሰው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ጋሼ እላቸው ነበር። ሬዲዮ የሚጠግን ሞልቷል፤ እሳቸው የሚታወቁት በካሴት ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ያች ትንሽ ካሴት እኛ ዘንድ ዘፈን ብቻ አልተሸከመችም። በደርግ ጊዜ ሱዳን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ የተሰደደ ልጅ ወረቀት ላይ ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር። እናት ያንን ካሴት ጎረቤት ሰብስባ ታሰማለች፣ ብቻዋን ስትሆን ደግማ ትከፍታለች፣ በመጨረሻ ቴፑ ክሩን ይበላዋል። ያን ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ጋሼ ትመጣለች።

ጋሼ የካሴቱን ቀፎ ብሎኖች ይፈታሉ። አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላውን ክር በጣታቸው ሳይነኩ ከጥርሱ ያላቅቁታል፤ የተጨማደደውን ያቃናሉ፤ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ በስስ ስኮች ይቀጥላሉ፤ ጥቅሉን ወደ ሌላ ጤነኛ ቀፎ ያዛውራሉ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሮጠው። አንድ ሴንቲ ሜትር ከተቆረጠ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ድምፅ ሄደ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ይህ የአንድ ሰው ስም ግማሽ ነው። ስለዚህ ለመቀስ ይሳሱ ነበር። የተቀጠለውን ካሴትም ለሙከራ ብለው አያጫውቱትም። ሁለት ቴፕ በሽቦ ያገናኙና በመጀመሪያው ጨዋታ ወዲያው ንጹሕ ካሴት ላይ ይቀዱታል። «የታመመ ክር ሁለት ጊዜ አታስሮጠው» ይሉኝ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ካሴት ይዛ ትሄዳለች፦ የምትሰማውንና የምታስቀምጠውን።

የኮምፒውተሩን መግባት በአጭሩ ልለፈው። በ1989 ዓ.ም. ጥር ኢንተርኔት ሲጀመር በከተማው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ቀድመው ነበሩ፤ ሰው ማመልከቻውን አስጽፎ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ ይዞ ይዞር ነበር። ፍሎፒ በላብና በአቧራ ትሞታለች። ቀጥሎ ፍላሽ መጣ፣ ከፍላሽ ጋር ደግሞ ፋይሉን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተሸፍኗል እንጂ፤ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ይገለጣል። በዚያች አንዲት መስመር ቤት የሠሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የማይነሳ ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራሱ ሞቶ ሃርድ ዲስኩ ደህና የሆነ ነው፤ ሌላው ዲስኩ የሞተ። ለባለቤቱ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ማያ ገጹ ጥቁር ነው። ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ግን የመጀመሪያው ነው፦ ኃይል መቀበያው ወልቆ፣ ራሙ ላልቶ፣ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ አንዲት ክፍል ተቃጥላ። በመብራት ፈረቃ ጊዜ እንዲህ ያለው ይበዛል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ ቀንሶ ፈረቃ ሲታወጅ፣ መብራት በመጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ ኃይል እየጨመረ በመምጣቱ ብዙ ቻርጀርና ማዘርቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ ተከመረ። እንዲህ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው። ከሥር ያሉት ብሎኖች ይፈታሉ፣ የ2.5 ኢንቹ ዲስክ ይወጣል፣ በዩኤስቢ ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የሶማሌ ተራ መካኒክ ከተጋጨ መኪና ጤነኛ ሞተር እንደሚያወርደው ነው። ለዚህ እንደ ትልቅ ምሥጢር ዋጋ የሚጠይቅ ባለሙያ ሌባ ነው ብል አላፍርም።

ዲስኩ ራሱ ሲታመም ነው ጋሼ የሚያስፈልጉኝ። የላፕቶፕ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ አንባቢው ሄድ ከሚዞረው ሳሕን በላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል። አንድ ብናኝ ትበቃዋለች። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳሕን ደራርቦ የሚይዘው 5 ሜጋባይት ያህል ነበር፤ ዛሬ በአንድ የስልክ ፎቶ ይሞላል። ያን ሁሉ አጥብበው መዳፍ ውስጥ ሲያስገቡት ክፍተቱም አብሮ ጠበበ። «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማሁ ወዲያው ኃይሉን እነቅላለሁ። ያን ዲስክ ለመክፈት አቧራ የሌለበት ክፍል ያስፈልጋል፤ መርካቶ ውስጥ አቧራ የሌለበት ክፍል ያለው ሰው ካለ ያሳየኝ። ከፍቶ «ሞክሬ ነበር» የሚል ጠጋኝ የቀረውን ዕድል ቀብሮ ነው የሚመልስልህ።

ሳይጮህ አንዳንድ ቦታው ብቻ አልነበብ ያለውን ዲስክ ግን አልመልሰውም። ፋይል አልከፍትበትም፣ አልፈትሸውም፣ «ይጠገን» የሚለውን የዊንዶውስ ጥያቄ እሺ አልልም። ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል፣ አስቸጋሪውን ቦታ መዝግቦ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። የሠሩት ሰዎች ጋሼን አያውቋቸውም፣ ሕጉ ግን የእሳቸው ነው፦ አንድ ጊዜ አስሩጥ፣ ቅዳ፣ ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ሥራ።

የከፋው በሽታ ከሰው እጅ የሚመጣው ነው። አንድ ሰሞን የጠጋኙ ሁሉ መድኃኒት «ፎርማት» ነበር። ላፕቶፑ አልነሳም? ፎርማት አድርገህ ዊንዶውስ ጫን። ማሽኑ ይነሳል፣ ባለቤቱ ይወድቃል። ደግነቱ ፎርማትም ሆነ ማጥፋት በድሮው ዲስክ ላይ የሚሠርዘው ማውጫውን ነበር እንጂ ጽሑፉን አልነበረም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሠራው ፎቶሬክ የሚሄደው ይህን ይዞ ነው። ማውጫ አይጠይቅም፤ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቃኛል፣ የጄፔግ ፎቶ ሁሉ በአንድ ዓይነት ባይት ስለሚጀምር ያንን ሲያገኝ «እዚህ ፎቶ አለ» ብሎ ያወጣዋል። ፎቶው ይወጣል፣ ስሙ ግን ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ነው የሚወጣው፤ ቅደም ተከተሉም ተረባብሾ። አንዲት እናት ሱቄ ተቀምጣ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ስትለይ አስታውሳለሁ። የትኛው ዓመት እንደሆነ የምታውቀው በልጇ ጥርስ ነበር፦ ይሄ ከመውለቁ በፊት፣ ይሄ ከወለቀ በኋላ፣ ይሄ አዲሱ ሲበቅል። የትኛውም ፕሮግራም እንዲያ አያደርግም።

ከዲስክ ሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ፊደል ነው። አንድ የእድር ጸሐፊ የእድራቸውን ኮምፒውተር ይዘው መጡ፤ የአባላቱ መዝገብ፣ መዋጮው፣ ማን መቼ እንዳረፈ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዲስኩ ደህና ነበር። ፋይሉ ሲከፈት ግን ገጹ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የዶላር ምልክት ተደባልቆበት ቁጭ አለ። «ተበላሽቷል ማለት ነው?» አሉኝ። አልተበላሸም። የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው።

የድሮው ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው 256 ቦታ ነው። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7 ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር ቦታው አይበቃም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩም የገጠማቸው ይኸው ጥበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የየቢሮውን ጠረጴዛ ያዙ። እያንዳንዱ ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሱ መንገድ ደለደላቸው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው «አ» አይደለም፤ በዚያ ፎንት ሲታይ «አ» የሚመስል የላቲን ምልክት ነው። ፎንቱ ደግሞ ዊንዶውሱ ውስጥ እንጂ ፋይሉ ውስጥ አይቀመጥም። ፋይሉ ብቻውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲወጣ ፎንቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፋይሉም ዲዳ ይሆናል።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቦታ ሰጠው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለውን ፎንት እስኪያመጣ ሌላ ሰባት ዓመት አለፈ፤ መሥሪያ ቤቱና ጽሕፈት ቤቱ የለመደውን ፎንት እስኪተው ደግሞ ከዚያም በላይ። ለዚህ ነው በመሳቢያዬ አንድ አሮጌ ዲስክ የማልጥለው፤ ያገኘሁትን የድሮ ፎንት ሁሉ ሰብስቤበታለሁ። የእድሩን መዝገብ የከፈተው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነው። ከዚያ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ ቀየርነው፤ ጸሐፊው በየስሙ እያረፉ፣ ያረፉትን ሲያገኙ «ነፍስ ይማር» እያሉ አነበቡት።

እሳት የበላውን ግን ማንም አያወጣም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል ሸቀጥ ብቻ አይደለም የነደደው፤ የዱቤ ደብተሩም፣ ኮምፒውተሩም፣ ቅጂ ተብሎ እዚያው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ፍላሽም ነዷል። ቅጂ ከዋናው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ካደረ ቅጂ አይባልም። ጋሼም ለዚያች እናት ሁለተኛውን ካሴት «እህትሽ ቤት አስቀምጪው» ይሏት ነበር።

አሁን ሥራው እየከበደ ነው። ዲስኩ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ይመጣል፣ የሚፈታ ብሎን የለም። ኤስኤስዲ ላይ የጠፋ ፋይል ወዲያው ትሪም በሚባለው አሠራር ይጠረጋል፤ ፎቶሬክ ቢቃኝ ባዶ ነው። ከዚያም ቢትሎከር አለ፦ ማሽኑ በራሱ ዲስኩን ይቆልፋል፣ ለመክፈት 48 አኃዝ ይጠይቃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ያለው ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በኢሜይል በተመዘገበው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። መርካቶ ላይ ያንን ኢሜይል የሚከፍተው ደግሞ ማን ነው? ሻጩ። ገዢው ቸኩሏል፣ ልጁ በራሱ ስልክ አንድ ኢሜይል ይፈጥራል፣ «በቃ ጨርሻለሁ» ይላል፣ ነገሩ ይረሳል።

በቅርቡ አንድ ሐጂ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዘው መጡ፣ የዓመት ሒሳባቸው ውስጡ ነው። ማዘርቦርዱ ተጠገነ፣ ሰማያዊው ማያ ገጽ 48 አኃዝ ጠየቀ። «ሐጂ፣ ኢሜይሉን ማን ከፈተልዎት?» አልኳቸው። ቦምብ ተራ የነበረ አንድ ልጅ ነው አሉ፤ ሱቁ ግን ተዘግቷል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ እሳቸው ግን ስልካቸውን አወጡ። የልጁን አጎት የሚያውቅ የእቁብ ዳኛ ነበራቸው። ዳኛው ለአጎቱ፣ አጎቱ ለልጁ ደወለ። ልጁ ሰባተኛ አካባቢ አሁን ጫማ ይሸጣል። ያንን ኢሜይል የከፈተባት ስልኩ አልተሸጠችም፤ እናቱ ጋ ናት።

አመሻሽ ላይ ቁጥሩ በቴሌግራም መጣ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ስድስት ስድስት አኃዝ እየከፈሉ አነበቡልኝ፣ እኔ መታሁ። ፋይሉ ሁሉ እንዳለ ተከፈተ። ሒሳብ ላይ ስንደርስ «አንተማ ብሎን ነው የፈታኸው» ብለው የጥገናውን ብቻ ከፈሉኝ፤ ለልጁ ደግሞ አንድ ኪሎ ስኳር አስይዘው ላኩ።