የዝምድና ስም በቻይና

የቻይና ሕዝብ የዘመድን ስም ከጥንት ጀምሮ እንደ ሕግ ሲጠብቀው ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደ ተጠናቀረ የሚታመነው «ኤርያ» የተባለው መዝገበ ቃላት፣ ከ19ኙ ምዕራፎቹ አንዱን ለዚሁ ለይቶ፣ የአባትን፣ የእናትንና የሚስትን ወገን፣ እንዲሁም በጋብቻ የሚመጣውን ዝምድና በየክፍሉ ደንግጎታል። የአባት ታላቅ ወንድም «ቦቦ»፣ ታናሹ «ሹሹ»፣ የእናት ወንድም «ጅዩጅዩ» ይባላልና፣ ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ታላቁን ከታናሹ፣ የአባትን ቤት ከእናት ቤት መደባለቅ ሆኖ ከነውር ይቆጠራል።

ስሙ ግዴታን ያስከትል ነበር። ሰው በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ በ5 ማዕርግ ተከፍለው ያለቅሱ ነበርና፣ አባቱን የቀበረ ልጅ ጠርዙ ያልተሰፋ ሻካራ ማቅ ለብሶ ኀዘኑን እስከ ሦስተኛው ዓመት ሲያደርስ፣ ዝምድናው የራቀው ዘመድ እንደ ርቀቱ ለስለስ ያለ ጨርቅ ለብሶ 9፣ 5 ወይም 3 ወር ያዝን ነበር። በታንግ ነገሥታት ዘመን፣ በ653 ዓመተ ምሕረት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ የወጣው ሕግም ይህንኑ ማዕርግ ወደ ፍርድ አደባባይ አግብቶ፣ ታላቁን የመታ ታናሽ ቅጣቱ እንዲከብድ፣ ታናሹን የመታ ታላቅ ግን እንዲቀልለት አዘዘ።

ደም ያላገናኘው ሰው ወደዚህ ሥርዓት የሚገባው በመሐላና በአክብሮት ነው። «የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ» በተባለው ልብ ወለድ ጓን ዩና ዣንግ ፌይ በኮክ አትክልት ውስጥ ምለው ሊዩ ቤይን ታላቅ ወንድም አድርገው ይቀበሉታል። ዛሬም የአባት ወዳጅ ወደ ቤት ሲገባ፣ እናት ወደ ልጇ ዘንበል ብላ፣ እንግዳው ከባሏ በዕድሜ ያንስ እንደ ሆነ «ሹሹ በለው»፣ ይበልጥ እንደ ሆነ «ቦቦ በለው» ትላለች፤ ልጁም ስሙን ጠርቶ ሰላምታውን ያደርሳል።

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1980 እስከ 2015 የቆየው የአንድ ልጅ ሕግ ግን በብዙ የከተማ ቤት ወንድምና እኅት የሌለው ትውልድ፣ ከእርሱም አጎትና አክስት የሌላቸው ልጆች እንዲወለዱ አደረገ። እነዚህ ልጆች የወላጆቻቸውን ወዳጆች አጎትና አክስት ብለው ሲጠሩ ማዕርጉን ከመጥፋት ያድኑታል፤ የተጠራውም ጎልማሳ የአጎትነትን ኀላፊነት በእውነት ሊሸከም ይገባዋል፤ ጥንታውያኑ ስሙን በማቅና በፍርድ የጠበቁት ለዚህ ነበርና።